እጄን የያዘው ብርድ

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ሥልጠናው ዛሬ ተጀመረ። ከአዲስ አበባ ሦስት አሠልጣኞች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። መንገዱ እንደሚታወቀው ነውና አንዱ ብቻ ደርሷል፤ እሱም ደምበጫ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጦ። የላህ ሕክምና ኮሌጅ መምህራን፣ ሠላሳ አንድ ሐኪሞች፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን «ሜንተር»፣ «ሜንቲ» ስንባል ዋልን። ሜንተር መካሪ ነው፣ ሜንቲ ተመካሪ። ይህን ለማወቅ ሦስት ቀን ያስፈልጋል?

ነገሩ የከረረው ከምሳ በኋላ ነው። እያንዳንዱ መምህር አንድ ሰው ይመክራል፣ ራሱም በአንድ ሰው ይመከራል ተባለና ዕጣ ወጣ። እኔ የምመክራት ዶክተር ናዚፋ በድሩ ሆነች። የቡሬ ልጅ ናት፤ ቀዶ ሕክምና ተምራ ከመጣች ገና ዓመቷ፣ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ሁለት ወር የቀራት። ጥሩ ነው። እኔን የምትመክረው ግን ማርያማዊት! የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆና ዛሬ ስሟ ቢገንም፣ መጀመሪያ መርፌ ያስያዝኋት እኔ ነኝ። በአምሳ አራት ዓመቴ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቢላዋ ይዤ፣ በተማሪዬ ልመከር!

ሳቅሁ። ከኋላዬ አንዱ፣ «ስመኘውንማ ከእግዜር በቀር ማን ይመክረዋል» ሲል ሰማሁ። ውዳሴ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ውዳሴ አይመስልም።

ሐምሌ 1

በችኮላ። ቅጽ ሰጡን። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ስድስት ጊዜ መገናኘት አለብን። ሁለት ዓምድ አለው፦ የመካሪ አስተያየት፣ የተመካሪ አስተያየት። ሁለት ፊርማ።

ናዚፋ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ «ዶክተር፣ መቼ ይመችዎታል?» አለችኝ። «ሥራ ሲቀል» አልኋት። ሥራ መቼ ቀሎ ያውቃል።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። ባለቤቴ ሥርጉት ማኅበር ሄዳለች፤ ቤቱ ለእኔና ለዚህ ደብተር ቀርቷል።

አሠልጣኙ የጠየቀን ነገር ከራሴ አልወጣ አለኝ። «እናንተን ማን አስተማራችሁ? እንዴት?» ነበር ያለው። ሁሉም ዝም ሲል እኔ ተናገርሁ። አስተማሪዬ ክር ስቋጥር ስሳሳት ጣቴን በመቆንጠጫው ብረት ይመታኝ እንደነበር፣ ለዚህም ነው ቋጠሮዬ የማይፈታው ብዬ። አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙ አልሳቀም። «ስንት ጊዜ ጥያቄ ጠይቀውት ያውቃሉ?» አለኝ። አንድም ጊዜ። ይህንን ግን አልመለስሁለትም።

እኔ ማንንም መትቼ አላውቅም። በምላሴ ካልሆነ። ናዚፋን እንኳ፣ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ስለሆነች ብትቆጧትም ዓይኗ አያነባም ብዬ በተማሪዎች ፊት ቀልጄባታለሁ። ሳቀች። አንገቷን ደፍታ ነው የሳቀችው።

አባቴ ቢሰሙ በዚህ ሥልጠና ይስቁ ነበር። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ከደምበጫ ወጣ ባለች ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ተማሪ ግን ጠፍቶባቸው አያውቅም። ለእሳቸው ቅጽ ማን ሰጣቸው? ብሄድ ጥሩ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ አልሄድሁም።

ብርዱ ዘንድሮ እጅ ላይ ይበረታል።

ሐምሌ 10

የሸሚዜን ቁልፍ ሥርጉት ቆለፈችልኝ። «እጅህ ምን ሆኗል?»

«ብርዱ ነው።»

«ሚያዝያም ላይ ብርድ ነበር?»

ጃኬቴን አንሥቼ ወጣሁ። ረፍዶብኝ ነበር።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ከቋሪት በኩል የመጣች። እንቅርት። አሥራ አራት ዓመት ተሸክማው ኖራለች። ባሏ የድንች ዘር ሸጦ ነው ያመጣት።

ሥራው ጥሩ ሄደ። ረጅም ነበር። መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ጄኔሬተር ተነሣ፤ ክፍሉም ቀዝቃዛ ነበር። የላይኛውን ደም ሥር ራሴ ቋጠርሁ። ናዚፋ ክሩን ልትቆርጥ መቀሱን አስጠግታ ቆመች እንጂ አልቆረጠችም።

«ዶክተር፣ አንዴ ይዩት።»

«ይቆረጥ!» አልኋት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ነርሷ አቻምየለሽ ቀና ብላ አየችኝ። ናዚፋ ቆረጠች። እጄን ቶሎ ከጨርቁ ሥር አስገባሁ፤ በርዶኝ ነበር።

ሐምሌ 16

ትናንት አመሻሽ ላይ ደማ። የሀብትነሽ አንገት አብጦ ትንፋሽ አጠራት። እኔ ቤት ነበርሁ፤ ኔትወርክ የለም። ናዚፋ እዚያው አልጋው ላይ ስፌቱን ፈትታ ደሙን አወጣች፣ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብታ እንደገና ቋጠረች። ባጃጅ ልከውብኝ ስደርስ ሁሉ አልቋል። ሴትዮዋ ተርፋለች። ተመስገን። ተመስገን።

«የቱ ነው የለቀቀው?» አልኋት ናዚፋን። እስከ ክርኗ ደም ነበረች። መሬት መሬት እያየች፣ «አንዱ ነው» አለችኝ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

የጠዋት ሪፖርት ላይ የኮሌጁ ዲን፣ «የላይኛውን ደም ሥር የቋጠረው ማን ነው?» አሉ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ሐኪሙም ተማሪውም። ልናገር ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌአለሁ።

ናዚፋ ከኋላ ተነሥታ፣ «እኔ ነበርሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ እኔን ያየ ሰው የለም። ማርያማዊት ብቻ።

ክሩም ሊሆን ይችላል። የክር ጥራት ዘንድሮ በጣም ወርዷል። ሁሉም የሚያውቀው ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

አሠልጣኙ ማክሰኞ ተመልሶ የእስካሁኑን ቅጽ ይሰበስባል። እኔና ናዚፋ አንድም ጊዜ አልተገናኘንም። ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ነው ብዬ አራት ግንኙነት አንድ ላይ ሞላሁ። ጽሑፌ ሰሞኑን ስለተበላሸ ሥርጉትን አስጻፍኋት። መምህርት ናት፣ ፊደሏ ያምራል። የእኔን ዓምድ ስጨርስ የናዚፋን ቀጠልሁ። «ውይይቱ ጠቃሚ ነበር። ከመካሪዬ ብዙ ተምሬአለሁ።»

ሥርጉት እስክሪብቶውን አነሣች። «ይህቺ ልጅ እንዲህ ብላለች?»

«ትላለች።»

ጻፈችው። ከዚያ ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐምሌ 21

ናዚፋ ፈረመች። ሳታነብ አይደለም፤ አንብባ። «ብዙ ተምሬአለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኗ ቆመ። «እውነት ነው» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 23

አሠልጣኙ የእኛን ቅጽ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሳየው። «ምሳሌ የሚሆን ጥንድ» አለ። አጨበጨቡልኝ።

ከሰዓት በኋላ ናዚፋ ደብዳቤ ደረሳት። ነሐሴ 20 ኮሚቴ እስኪቀመጥ ቢላዋ እንዳትይዝ። ቋሚ መምህርነቷም በዚያው ቀን ይወሰናል፤ ካልጸደቀላት ከኮሌጁ ትሰናበታለች። በአንድ ቀን ሁለቱም። ነገ አነጋግራታለሁ።

ሐምሌ 24

አላነጋገርኋትም። ቡሬ ሄዳለች አሉኝ፣ አባቷ ዘንድ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ማርያማዊት ቤቴ መጣች። በሕግ የእኔ መካሪ ናት፤ ሁለት ጊዜ ቀጥራኝ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። ዛሬ ግን በዝናቡ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆና ስለመጣች እንዴት ልመልሳት።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» አለች። ስለ ዝናቡ ነገርኋት። ስለ ማዳበሪያ ነገርኋት። ስለ ላህ ወንዝ ሙላት ነገርኋት። ሁሉንም ሰማች። ሻይ ሲቀርብልን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ የእኔን ሳልነካው ቀዘቀዘ። እሷም የእሷን አልጠጣችም።

ስትነሣ ባዶ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የእኔን ዓምድ አልሞላሁትም። የእርስዎን ሲሞሉ እሞላለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ልትመክሪ ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ። እስኪነግሩኝ ልጠብቅ ነው።»

እንዴት ያለች ደፋር ናት። የተቆጣሁት በእሷ መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ዛሬ ቡሬ ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ ለራሴም በደንብ አልተናገርሁም፤ መንገዱ ስለተከፈተ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ፣ በቃ።

የሐጂ በድሩ መጋዘን ከመናኸሪያው አልፎ ነው። ገና ከመንገዱ ያስነጥሳል። ናዚፋ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ሳይሆን ሻሿን አፏ ላይ ጠምጥማ ከሁለት ሴቶች ጋር በርበሬ ትለቅማለች፤ የተበላሸውን ወዲህ፣ ጤነኛውን ወዲያ። እጆቿ እንደዚያው ናቸው፤ አይቸኩሉም። አየችኝና ተነሣች። አልመጣችም። ቆመች ብቻ።

ሐጂ በድሩ ግን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ቶሎ ልስበው ብሞክር አልለቀቁኝም። «ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡልን! እኔኮ ልመጣ ነበር፣ ይህ ክረምት ያዘኝ እንጂ። ልጄ ስለ እርስዎ ክፉ ተናግራ አታውቅም። ጥፋቷን እንኳ ስጠይቃት ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሳቸውማ ታላቅ ሰው ናቸው› ነው የምትለኝ። ልጅ ናት፣ አጥፍታለች። ይቅር ይበሏት። ለኮሚቴውም አንድ ቃል ይናገሩላት።»

ይቅር ልበላት! ማር ያለበት ዳቦ አቀረቡልኝ፤ ጎረስሁ። «እናገራለሁ» አልሁ። ናዚፋ ይህን ስትሰማ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

መመለሻው ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ገበሬ፣ «ጌታዬ፣ ያምዎታል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። የማያውቀኝ ሰው እንኳ። «ብርድ ነው» አልሁት። መስኮቱ ተዘግቶ፣ አሥራ ስምንት ሰው ታጭቆ፣ ላብ በላብ ሆነን ነበር።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ጾሙ ተፈታ። አባቴ ዘንድ መጣሁ። ይህን የምጽፈው እዚሁ፣ የተማሪዎቹ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ሳልረሳው ልጻፈው።

ከሰዓት ላይ ነው የደረስሁት። አባቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ተማሪዎቹ ቅኔያቸውን ሲነግሯቸው ያርማሉ። አንዱ ሲሳሳት፣ «ልጄ፣ ይህቺ ቤትህ ምሰሶ ረስታለች፣ ሂድና አቁማት» አሉት። ተማሪው ስቆ ሄደ። እኔ ብሆን ምን እለው እንደነበር አውቃለሁ።

ሁሉም ሲበታተን ሻይ መጣልን። በሳህን ላይ ነው የመጣው፤ የአባቴን ብርጭቆ ላቀብላቸው ከነሳህኑ አነሣሁት። ጆሮአቸውን አዘነበሉ።

«እጅህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ አባባ?»

«ብርጭቆውና ሳህኑ እየተጣሉ ነው። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መቼ ሄደ?»

ብርድ ነው ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ለእሳቸው መዋሸት አቃተኝ። «ከሚያዝያ ጀምሮ» አልሁ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«ቢላዋ ትይዝበታለህ?»

«እይዝበታለሁ።»

«ተማሪዎችህ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

አባቴ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ያውቃሉ። ስማኝ፤ ለአንተ ነግሬህ አላውቅም። ዓይኔ መጥፋት ሲጀምር ሦስት ወር ደበቅሁ። መጽሐፉን በቃሌ አውቀው የለ? ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ገጽ እየገለጥሁ፣ የማነብ መስዬ አስተምር ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ፣ ገና ጀማሪ ነው፣ ጠጋ አለና መጽሐፉን ከጭኔ አነሣው። አዙሮ መልሶ አስቀመጠልኝ። አንዲት ቃል አልተናገረም። ለካ ሦስት ወር ሙሉ ገልብጬ ይዤው ኖሮአል። አርባ ተማሪ እያየ፣ አርባውም ዝም።»

«ተቆጡት?»

«አለቀስሁ እንጂ። በማግሥቱ ሰብስቤ ‹ዓይኔ ሄዷል፣ ጆሮዬና ትምህርቴ ቀርቶኛል፤ የሚበቃው ይቀመጥ› አልኋቸው። ሁለት ሄዱ። ሌላው ተቀመጠ።» ብርጭቆውን በእጃቸው ፈልገው ከእጄ ወሰዱ። «የሚያስፈራው የሄዱት አይደሉም፣ ልጄ። ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ገልብጬ ይዤ እቀመጥ ነበር። የአንተን መጽሐፍ ያቃናልህ ሰው የለም?»

አለች። አቅንታልኝ ነበር። «አንዴ ይዩት» ብላ። ከዚያ ወዲያ በአዳራሹ ሁሉ ፊት ተነሥታ የእኔን ቋጠሮ በራሷ ስም ጠራችው፤ እኔም አስጠራሁት። ክሩ ጤነኛ ነበር። ብርድም አልነበረም። እኔ ፈሪ ነኝ።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ማርያማዊት ቤት ሄድሁ። በሩን ስትከፍት እጄን ዘረጋሁላት፣ ለሰላምታ ሳይሆን እንድታየው። ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። መረመረችኝ፣ ጻፍ ጻፍ አደረገች። ባሕር ዳር የነርቭ ሐኪም ጋ ትልከኛለች። «ሊታከም ይችላል፣ ላይታከምም ይችላል» አለች። አላባበለችኝም። እንዲህ ያስተማርኋት እኔ ነኝ? አይመስለኝም።

ለገበሬው ሁሉ በየቀኑ የምናገረው ተረት ነው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ነሐሴ 20

ኮሚቴው ሦስት ሰዓት ላይ። አሁን አንድ ሰዓት ነው። ሸሚዜን ራሴ እቆልፋለሁ ብዬ ታግያለሁ። ሁለቱ ቀሩ። ሥርጉት ቆለፈችልኝ፤ የሸሚዙን አንገት አስተካክላ፣ «ሂድ» አለችኝ።

በኋላ። ናዚፋ ከቡሬ ከአባቷ ጋር መጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሐጂ በድሩ ከወንበራቸው ተነሡልኝ። እንዳይነሡ መለመን አማረኝ።

ለኮሚቴው እንዲህ አልሁ፦ የላይኛውን ደም ሥር የቋጠርሁት እኔ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ነው፤ ደብቄአለሁ። ዶክተር ናዚፋ ቋጠሮውን እንዳየው ነግራኝ ነበር። ጮኼ አስቆረጥኋት። ሴትዮዋ ስትደማም ያዳነቻት እሷ ናት። ምሳሌ የተባለውም ቅጽ ውሸት ነው፤ ሁለቱንም ዓምድ የሞላሁት እኔ ነኝ። ለማስረጃ እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። የውሃ ብርጭቆዎቹ ድምፅ አሰሙ።

ተመካክረው ዲኑ ውሳኔውን ተናገሩ። እኔ ከቢላዋ ታገድሁ፤ ማስጠንቀቂያም በፋይሌ ገባ። የናዚፋ እገዳ ተነሣ፤ መምህርነቷ ጸደቀ። እሷም ስለዋሸች ተወቀሰች፣ ተገቢ ነው።

በረንዳው ላይ ሐጂ በድሩ እጄን አልያዙም። ትከሻዬን አልፈው ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ናዚፋ ቀረች።

«ለምን ‹እኔ ነኝ› አልሽ?» አልኋት።

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሳይናገሩ ሲቀሩ አፈርሁልዎት።»

አፈርሁልዎት! በሕይወቴ የበላሁት ዱላ ሁሉ ተደምሮ ይህችን ቃል አያህልም።

ጳጉሜን 3

ሀብትነሽ ለምርመራ መጣች። ጠባሳዋ ጥሩ ነው። እውነቱን ነገርኋት፣ ባሏም ቆሞ። እሷ፣ «እግዜር አትርፎኛል፤ እርስዎንም ይማርዎ» አለች። ባሏ ግን ባርኔጣውን ደፍቶ ሳይሰናበተኝ ወጣ። መብቱ ነው።

የማርያማዊትን ቅጽ ሞላሁ። የተመካሪ ዓምድ፣ በራሴ እጅ፣ አንድ መስመር፦ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ፈርቻለሁ።» ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ማርያማዊት አነበበች፤ በደንብ ጻፉት አላለችኝም። የራሷን ዓምድ መሙላት ጀመረች።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ከባሕር ዳር መድኃኒት ይዤ ተመልሻለሁ። ሻይ መጠጣት ችያለሁ፣ ግማሽ ብርጭቆ ከሆነ። ክር መቋጠር ግን አልችልም፤ ከእንግዲህም የምችል አይመስለኝም። ይህን ስጽፍ ያማል። ይመም።

ዛሬ ናዚፋ እንቅርት ሠራች። ከማንኩሳ የመጣች ወጣት ሴት ናት። እኔ ልግባ አላልሁም፤ ጠዋት ቢሮዬ መጥታ፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ሦስተኛው ግንኙነታችን ቢሆንስ?» ብላ ነው። በነሐሴ መጨረሻ አንዴ፣ በጳጉሜን አንዴ በእውነት ተገናኝተናል፤ አንደኛው ላይ ተጣልተናል።

ጓንት ሳላጠልቅ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ከትከሻዋ ጀርባ ቆምሁ። አቻምየለሽ በርጩማ ሰጠችኝ፤ አልተቀመጥሁም። መብራቱ አንዴ ጠፋ፣ መጣ። ናዚፋ የላይኛውን ደም ሥር ፈልጋ አገኘች፣ ክር አሳለፈች፣ ቋጠረች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ረዳቷ መቀሱን አስጠጋ።

እጇን አንሥታ አስቆመችው። ወደ እኔ ዞረች።

«ዶክተር፣ አንዴ ይዩልኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቸኩዬ አይደለም። ከላይ አየሁ፣ ከጎን አየሁ፣ ደም ያለበትን እንድትጠርገው ነግሬ እንደገና አየሁ። እጄ ከጀርባዬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማንም ቢያየው ግድ አልነበረኝም።

«ይቆረጥ» አልኋት።